አሥራ ስድስት ቃል ተኩል

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ነው። ያኔ ገና ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ለጀማሪ ጸሐፊዎች የአጭር ልብ ወለድ ውድድር አወጣና ሦስት ሰዎች ለዳኝነት ተጠራን፤ አንድ አንጋፋ ደራሲ፣ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርትና እኔ። ደንቡ አንድ ገጽ አይሞላም። ጽሑፉ ከዚህ ቀደም ያልታተመ፣ ከ2,500 ቃል ያልበለጠ፣ በብዕር ስም የቀረበ ይሁን፤ እውነተኛው ስም በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ። አለቀ። በእጅ የተጻፈም ይቀበላሉ ተብሎ ስለነበር ግማሹ የመጣው በደብተር ወረቀት ነው።

ከእነዚያ አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የብዕር ስሙ «ማገር» ይላል፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም የወልድያ ነው። ታሪኩ ከቤይሩት የሚመጣላቸውን ደብዳቤ ለጎረቤቶቿ ስለምታነብ ተማሪ ነው። እናቶቹ ማንበብ አይችሉም፤ ልጅቷ መጥፎውን ወሬ እየዘለለች፣ አንዳንዴም ከራሷ እየጨመረች ታነብላቸዋለች። አንድ ቀን ልትዘለው የማትችለው ደብዳቤ ይመጣል። ጸሐፊው እዚያ ላይ ምን እንዳደረገ አልነግራችሁም፤ ታሪኩ የእኔ አይደለምና። ብቻ መምህርቷ አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አንጋፋው ደራሲ ሲጋራውን ይዞ ወደ በረንዳ ወጣ።

ያሳሰበን ርዝመቱ ነበር። ጽሑፉ የእጅ ስለሆነ ኮምፒውተር አይቆጥረውም። እኔና መምህርቷ እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። እኔ 2,561 ቃል አገኘሁ፤ እሷ 2,472። ደግመን ቆጠርን፣ ያው ነው።

«መምህር፣ ‹ዝም አለች› የሚለውን ሁለት ብለው ነው እንዴ የቆጠሩት?» አለችኝ።

«ሁለት ነው እንጂ! መሃሉ ክፍት ነው እኮ።»

«‹ዝም› ብቻውን ምን ይሠራል? ‹ቤተ ክርስቲያን›ንስ?»

«እሱም ሁለት።»

ሳቀች። «እንዲህ ከሆነማ የእኛም ውድድር የ‹ልብ› እና የ‹ወለድ› ውድድር ነው» አለች።

እውነቷን ነው። የልብ ወለድ ውድድር አውጥተን «ልብ ወለድ» ራሱ አንድ ቃል ይሁን ሁለት አልወሰንንም ነበር። አንጋፋው ደራሲ ከበረንዳው ሲመለስ ክርክራችን አልበረደም። «ልጆች፣ እዚህ ልታሳድሩኝ ነው? አማካዩን ውሰዱና እንገላገል» አለ። ተደመረ፣ ለሁለት ተካፈለ፤ 2,516.5 መጣ። ከልኩ በአሥራ ስድስት ቃል ተኩል አልፏል። «ደንብ ደንብ ነው» አለ፤ ሦስታችንም ፈረምን። ግማሽ ቃል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅንም።

ለመሆኑ ይህ የርዝመት ገደብ የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ የምመልሰው የኤድጋር አለን ፖን መልስ ነበር። ፖ በ1842 እ.ኤ.አ. የሆቶርንን ታሪኮች ሲገመግም፣ አጭር ታሪክ በአንድ ተቀምጦ የሚያልቅ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት የሚነበብ መሆን አለበት አለ። አንባቢው መሃል ላይ ተነሥቶ ከሄደ የዓለም ጣጣ ይገባበታል፣ ስሜቱ ይበተናል ነው ነገሩ። ልብ በሉ፣ ፖ የቆጠረው በሰዓት ነው እንጂ በቃል አይደለም። መለኪያው አንባቢው ነው።

በቁጥር የለካው የጋዜጣው ቤት ነው። ቼኾቭ ገና በሞስኮ የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ በ1882 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በፒተርስበርግ ለሚወጣው «ኦስኮልኪ» ለተባለው የቀልድ መጽሔት መጻፍ ጀመረ። አዘጋጁ ኒኮላይ ሌይኪን የሰጠው ልክ መቶ መስመር ነበር፤ ክፍያውም ለመስመር ስምንት ኮፔክ። በተከታዩ ዓመት ቼኾቭ ለሌይኪን በጻፈው ደብዳቤ አጭር ነገር እንደሚወድ ተናግሮ፣ ነገር ግን ገና የመጀመሪያውን መስመር ሲጀምር «መቶ» የሚለው ሐሳብ እጁን እንደሚገፋው ያማርራል። በ1886 እ.ኤ.አ. ሱቮሪን ሰፊ ቦታ ያለውን ጋዜጣውን ሲከፍትለት ታሪኮቹም ረዘሙ። መቶ መስመር ቼኾቭን አስተማረው ወይስ ያዘው? እኔ ሁለቱንም ይመስለኛል። ብቻ ያ መቶ መስመር የመጽሔቱ ገጽና የአዘጋጁ ኪስ እንጂ የታሪክ ሕግ አልነበረም፤ ውድድር አዘጋጆች ግን እንደ ሕግ ወረሱት።

እኛ ዘንድ ልክ አልነበረም የሚል ካለ ቅኔ ቤት ይሂድ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ሦስተኛ ቤት የጨመረ ተማሪ ጉባኤ ቃና አልተቀኘም። መወድስ ስምንት ነው። መምህሩ ግን ጣቱን አጥፎ ቃል አይቆጥርም፤ ቤቱን በጆሮው ይሰማዋል፤ ከዜማው ከወጣ ያውቀዋል። በስድ ንባቡ በኩል ተመስገን ገብሬ በ1941 ዓ.ም. «የጉለሌው ሰካራም»ን ሲጽፍ፣ ታደሰ ሊበንም «መስከረም»ን በ1949፣ «ሌላው መንገድ»ን በ1952 ዓ.ም. ሲያወጣ፣ ልኩን የወሰነው ታሪኩ ራሱ ይመስለኛል። «ከዚህን ያህል ቃል ያልበለጠ» የሚለው ሐረግ የመጣብን ከእንግሊዝኛ ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ችግሩ። «አልነገርኳቸውም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው። ባለቤቱን፣ ተነጋሪዎቹን፣ አሉታውን፣ ጊዜውን ሁሉ በአንድ ኮሮጆ ከትቶ ይዞታል። እንግሊዙ ይህንኑ ለማለት «አይ ዲድ ኖት ቴል ዜም» ብሎ አምስት ይከፍላል። ስለዚህ የእኛ 2,500 ቃል እንግሊዞቹ በ2,500 ከሚሉት የበለጠ ነገር ይይዛል። ይህ ለጸሐፊው ጥቅም ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያው ልክ «ብድግ አለ» «ቁጭ አለ» እያለ በንግግር ወዝ የሚጽፈው ሰው በየግሡ ሁለት ይከፍላል፤ ደረቁን «ተነሣ» «ተቀመጠ» የሚለው ግን አንድ። ደብዳቤ አንባቢዋ ልጅ የሰፈሯን እናቶች አነጋገር እንዳለ በማስቀመጧ ተቀጣች ማለት ነው። ብልጦቹ ደግሞ አሉ። «ቤተክርስቲያን»፣ «ቤተመንግሥት»፣ «ትምህርትቤት» እያሉ ገጣጥመው የሚያልፉ። ድሮ ቃልና ቃል በሁለት ነጥብ ሲለይ ጸሐፊው ነጥቡን ሲያሳርፍ ትንሽ ያስብ ነበር፤ ነጥቡ ቀርቶ ቦታው ባዶ ሲሆን ሁሉም እንደፈቀደው ሆነ።

ሌሎች ይህን በየቋንቋቸው ፈትተውታል። ጃፓኖች ለጀማሪ ደራሲያን ውድድር ልኩን የሚናገሩት በወረቀት ነው፤ ሃያ በሃያ የተሰመረ፣ አራት መቶ ፊደል የሚይዝ ወረቀት፣ ይህን ያህል ቅጠል ይላሉ። በአጻጻፋቸው ቃል ከቃል በክፍት ቦታ ስለማይለይ ቃል ቁጠሩ ቢባሉም ግራ ይገባቸዋል። ጀርመኖችም የራሳቸው መደበኛ ገጽ አላቸው፤ ሠላሳ መስመር፣ በመስመር ስድሳ ምት። እኛ ደግሞ ፊደል አለን። «ቤተ ክርስቲያን» ተለያይቶም ተያይዞም ስምንት ፊደል ነው፤ «አልነገርኳቸውም» ዘጠኝ። ማን ይከራከራል?

ይህን ሁሉ ያሰብኩት ግን ከፈረምኩ በኋላ ነው። ከዚያም የባሰው ቀጥሎ መጣ። እሱን ለመንገር ወደ ፖ ልመለስ፤ ፖ ሐያሲ ከመሆኑ በፊት ራሱ ተወዳዳሪ ነበር።

በ1833 እ.ኤ.አ. በባልቲሞር ከተማ «ሳተርዴይ ቪዚተር» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ለአጭር ታሪክ 50 ዶላር፣ ለግጥም 25 ዶላር ሽልማት አወጀ። ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፤ የሕግ ባለሙያውና ደራሲው ጆን ኬኔዲ፣ ሌላው የሕግ ሰው ጆን ላትሮብ፣ ሐኪሙ ጄምስ ሚለር። ላትሮብ በኋላ እንደተረከው፣ ወይንና ሲጋራ በቀረበበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ብዙውን ሁለት መስመር ሳያነቡ ሲጥሉ፣ በኅትመት ፊደል አምሳያ በእጅ የተጻፈ አንድ ጥራዝ አገኙ። ስድስት ታሪክ ይዟል። «በጠርሙስ ውስጥ የተገኘ ጽሑፍ» የሚለውን መረጡ። ፖስታው ሲከፈት ኤድጋር ፖ የሚባል፣ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ኬኔዲ አልተወውም። በ1835 እ.ኤ.አ. ምሳ ሲጋብዘው ፖ የሚለብሰው ልብስ ስለሌለው ለመቅረት እንደተገደደ ጻፈለት፤ ኬኔዲ ልብስ ሰጠው፣ በሪችመንድ ለሚወጣ መጽሔትም አሳልፎ አስቀጠረው። የታሸገች ፖስታ ይህን ያህል ታደርጋለች። ስሙን ቢያዩት ኖሮ ለማንም የማይታወቅ ሰው ነበር።

የግጥሙ ሽልማት ግን የሄደው ሄንሪ ዊልተን ለሚባል ሰው ነው። ሄንሪ ዊልተን የሚባል ሰው የለም። የጋዜጣው አዘጋጅ ጆን ሂል ሂዊት የብዕር ስም ነበር። ፖም በግጥሙ ተወዳድሮ ስለነበር ነገሩን ሲሰማ ጦፈ፤ ከሂዊት ጋር መንገድ ላይ እስከ መጣላት ደርሰዋል ይባላል። የሂዊት ግጥም መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ ዳኞቹም የማን እንደሆነ አላወቁ ይሆናል። ግን ቤቱ ያወጣው ውድድር ላይ የቤቱ አዘጋጅ ምን ሊሠራ ገባ?

እኛም በ1998 ፖስታችንን ከፈትን። የአንደኛነቱን ቦታ የያዘው ሦስታችንም «ደህና ነው» ያልነው ታሪክ ነበር፤ 2,490 ቃል፣ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ንጹሕ። ስሙ ሲነበብ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ፈገግ አለ። አሸናፊው የዚያው ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው፤ የውድድሩን ማስታወቂያና ደንቡን ራሱ ያዘጋጀው እሱ ነው። ደንቡን አገላብጬ አየሁት። ሠራተኛ አይወዳደርም የሚል ቃል የለበትም። ጸሐፊውን በ2,500 ቃል አስረነው፣ አዘጋጁን በአንድም ቃል አላሰርነውም። ሰውዬው የጣሰው ነገር የለም፤ ጣሰ ያልነው የወልድያውን ነው። ጭብጨባ ተጨበጨበ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ እኔም በላሁ።

ያልተሸለሙት ፖስታዎች ሳይከፈቱ ይወገዳሉ የሚል ልማድ አለ፤ የማገርም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ሴት ትሁን ወንድ፣ ከዚያ ወዲያ ይጻፍ ወይ ይተው፣ አላውቅም። አዲስ የአጭር ልብ ወለድ መድበል ባገኘሁ ቁጥር ደብዳቤ የምታነብ ልጅ አለችበት ወይ ብዬ ማውጫውን አያለሁ። እስካሁን አላገኘኋትም።

ባለፈው ዓመት አንድ የወጣቶች የንባብ ክበብ ውድድር ሊያወጣ አስቦ «ጋሼ፣ ደንቡን ያርቅቁልን» ብለው መጡ። ደስ ብሎኝ ሁለት ሌሊት ሠራሁበት። ልኩ አሥር ሺህ ፊደል፤ ሥርዓተ ነጥብና ክፍት ቦታ አይቆጠርም። ልኩን ያለፈ ሰው ወዲያው አይጣልም፤ ዳኛ ያልሆነ፣ ስሞቹን የያዘ አንድ ጸሐፊ ይነግረውና በሦስት ቀን አሳጥሮ ይመልሳል። ዳኞች፣ አዘጋጆችና የቅርብ ዘመዶቻቸው አይወዳደሩም። ረቂቁን ከሰጠኋቸው በኋላ ሦስቱ ተመልሰው መጡ። የፊደሉን ቆጠራ ወደውታል፤ ሦስቱን ቀንም ተቀብለዋል።

«አራተኛዋ ግን ትቅር፣ ጋሼ» አለች አንደኛዋ፣ አንገቷን ደፍታ። «ምነው?» አልኳት። «አዘጋጆቹ እኛ ነን፤ የምንጽፈውም እኛው ነን። ግማሻችን እኮ ለመወዳደር ብለን ነው ያዘጋጀነው።»

ሳቄ መጣ፤ የሂዊት ጉዳይ ከዚህ ማዶ ሲታይ እንዲህ ነበር ለካ። እንግዲያው ከሌላ ክበብ ጋር ተነጋገሩና እነሱ ያዘጋጁት፣ እናንተ ተወዳደሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ትለዋወጣላችሁ አልኳቸው። እንመካከርበት ብለው ሄዱ። እስካሁን አልደወሉልኝም።