የ1,500 ሰዓቱ ወረፋ

አሜሪካ ውስጥ ፓይለት መሆን ለሚመኝ ወጣት ጤናና ገንዘብ ካለው የቀረው ቀላል ይመስለናል። ወረፋውን ግን ማን አየለት?

ነገሩ እንዲህ ነው (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ.)። ድሮ የንግድ በረራ ፈቃድና 250 ሰዓት ገደማ ያለው ሰው በአነስተኛ የክልል አየር መንገድ ረዳት አብራሪ መሆን ይችል ነበር። ከ2001ዱ የሽብር ጥቃት በኋላ ግን በሺህ የሚቆጠሩ አብራሪዎች ተቀነሱ። በ2007 መጨረሻ የጡረታ ዕድሜ ከ60 ወደ 65 ከፍ ሲል አንጋፋዎቹ ወንበራቸውን ይዘው ቆዩ፤ ታች ያለውም ባለበት ቀረ።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ከኒውዋርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረ የኮልገን ኤር አውሮፕላን መኖሪያ ቤት ላይ ወደቀ። ተሳፋሪና ሠራተኛ 49፣ ቤት ውስጥ የነበረ አንድ ሰው፣ በድምሩ 50 ሰው ሞተ። ፍጥነት ሲወርድ መሪው ተንቀጥቅጦ አስጠነቀቀ፤ ካፒቴኑ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ሲገባው ወደ ላይ ሳበው።

የሟች ቤተሰቦች ዋሽንግተን ተመላልሰው ወተወቱ። ሕጉ በ2010 ወጣ፤ ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪም 1,500 ሰዓት ያስፈልገዋል። ከጦር ኃይል ለመጣ 750፣ የአቪዬሽን ዲግሪ ላለው 1,000 ይበቃል። ሌላው ተማሪ እያስተማረ ሰዓት ይቆጥራል።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረናል፤ የዚያን ምሽት ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ በረው ነበር! ያው ሕግ አብራሪዎች ከእንዲህ ያለ አደጋ መውጣትን እንዲለማመዱም አዟል። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ይሄኛው ነው። ቤተሰቦቹን የሚወቅስ አንደበት የለንም። ወረፋ ግን ብቻውን አያስተምርም።