ጠባሳና መዝገብ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል እውነተኛ ነው። ነገር ግን የተወጋው ባይረሳ፣ መዝገቡ የረሳው እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? ስለ አገሩ ቆስሎ የተመለሰ ወታደር ጠባሳውን በገላው ይዞ ይኖራል፤ ጡረታውን የሚወስነው ሹም ግን አስቀድሞ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱና ጠባሳው ያልተስማሙ እንደ ሆነ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ለክቡር አንባቢ መንገር አያስፈልግም። እኛም በዚህ ጽሑፍ፣ ከሆለታ እስከ አምቦና እስከ ጉደር ባለው አገር ከምናውቀው ተነሥተን፣ የቁስለኛ መዝገብ በየዘመኑ እንዴት እንደ ጐደለና እንደ ተሳሳተ ባጭሩ ልናመለክት አስበናል።

በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኰንኖች አስተማሪነት በ1927 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ይሁን እንጂ ዕጩ መኰንኖቹ ትምህርታቸውን በወጉ ሳይፈጽሙ ጠላት ወረረን። አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. በተያዘች ጊዜ ከነርሱ አንዳንዶቹ ወደ ምዕራብ ሄደው፣ ከሌሎች አርበኞች ጋራ በነቀምት «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። በአዲስ ዓለም ደግሞ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ፣ ለአርበኞች መረጃና ስንቅ ከማቀበል አልፈው፣ በጠላት ምሽግ ላይ በተደረገው ውጊያ ተካፋይ ሆነዋል።

በእነዚያ 5 ዓመታት በጫካ ለቆሰለ አርበኛ ሐኪም እንጂ ጸሐፊ ይቅርና ሐኪሙም አልነበረውም። አጥንቱን የጠገነው ወጌሻ ነው፤ ወጌሻ ግን የምስክር ወረቀት አይሰጥም። የአምቦ ፍል ውኃም ሕመም ያስታግሣል እንጂ ማኅተም የለውም። የባሰው ደግሞ ጠላት ያዘነበው የመርዝ ጋዝ ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ያመለከቱት ይህ መርዝ ቆዳን ብቻ አቃጥሎ የሚተው አልነበረም፤ ዓይንንና ሳንባን ይጐዳል፤ ጉዳቱም ለብዙ ዘመን ይቈያል። የጥይት ጠባሳ ያለው ሰው እጁን ገልጦ ያሳያል፤ ሳንባው የተቃጠለ ሰው ግን ምን ገልጦ ያሳይ?

ከድል በኋላ በ1938–39 ዓ.ም. በተደረገው የፓሪስ የሰላም ጉባኤ መንግሥታችን ያቀረበው የሞቱ ሰዎች ሒሳብ በጠቅላላው 760,300 ነው። ከነዚህም 275,000 በጦር ሜዳ፣ 78,500 ደግሞ በወረራው ዘመን ሲዋጉ የወደቁ አርበኞች መሆናቸው ተጽፏል። ሙታን እንዲህ በየረድፋቸው ሲቈጠሩ፣ በዚህ ሠንጠረዥ ለቁስለኛ የተመደበ ረድፍ የለም። ሙት በዘመዶቹ አፍ ይቈጠራል፤ ቁስለኛ ግን በሕይወት ስላለ ራሱ ይናገራል ተብሎ ይተዋል። ራሱ ሲናገር ደግሞ ማስረጃ አምጣ ይባላል።

ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦር ግን ሌላ ሥርዓት አገኘ። ይህ ጦር ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋራ ተሰልፎ 122 ሰው ሲሞትበት 536 ቆስለዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከበትም። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ቁስለኛውም እንደ ሙቱ ቍጥር አገኘ። ቍጥሩ ግን ብቻውን አይበቃም። የኢትዮጵያዊ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በሦስትና በአራት ዓይነት ይመጣል፤ የእኛም ዘመን ከአውሮፓውያን ዘመን በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። ከዚህ የተነሣ አንድ ወታደር በአንዱ ወረቀት ሌላ ሰው፣ በሌላው ወረቀት ሳይወለድ የዘመተ ሰው ሊመስል ይችላል።

ይህ ችግር በባዕድ ፊደል ብቻ የሚደርስ አይደለም። በአምቦና በአካባቢው ቤተ ሰቡ «ቶለሳ» ብሎ የሚጠራው ልጅ በአንዱ መዝገብ «ቶሎሳ» ይባላል፤ በሌላው ደግሞ ጸሐፊው በሰጠው አዲስ ስም ይጠራል። የሕክምናው ወረቀት በአንዱ ስም፣ የደመወዙ መዝገብ በሌላው ስም ሲገኝ ቁስሉ ባለቤት ያጣል።

አደጋው የድኻ አገር ብቻ እንዳይመስለን፣ ከቃኘው ጋራ ጐን ለጐን የተዋጉትን አሜሪካውያን እንመልከት። ሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ከተማ የነበረው የሠራተኞች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆን ፋይል ጠፋ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት የ80 በመቶው መዝገብ ዐመድ ሆነ። ሆኖም «ወረቀትህ ከተቃጠለ መብትህም ተቃጠለ» አልተባለም። የክፍሉን የዕለት መዝገብ፣ የደመወዝ ሰነድ፣ የሆስፒታል ካርድና የጓደኞችን የምስክርነት ቃል እየሰበሰቡ የጠፋውን ይተኩ ጀመር።

በእኛም አገር በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቍጥር 209 ወታደሩንም የሚጨምር ነበር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 714 ደግሞ በሥራ ምክንያት ተጐድቶ መሥራት ለማይችል ሰው ደመወዙን 47 በመቶ እንዲያገኝ ሲወስን፣ ጉዳቱ ከ10 በመቶ እንዳያንስ ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ በሐኪም ወረቀት ላይ ያለች አንዲት አኃዝ የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ ናት። በ1983 ዓ.ም. ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት በተበተነ ጊዜም፣ የቁስሉን ቀን የሚያውቁ አዛዥ፣ ሐኪምና ጓደኛ በየፊናቸው ተለያዩ።

ስሕተቱ የሌላ ሰው ብቻ አለመሆኑን ለመመስከር የራሳችንን እንናገር። ሥራ በጀመርንበት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ያረጁ ፋይሎችን ወደ አዲስ ቅጽ ስንገለብጥ፣ በ1991 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የቆሰሉ የአንድ የአምቦ ሰው የቀኝ እግር ጉዳት «ግራ» ብለን ጻፍን። ከወራት በኋላ በምርኩዝ መጥተው ቅጹን በጠረጴዛችን ላይ አኖሩት። በኦሮምኛ ያሉን ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፤ «ልጄ፣ አንዱን እግሬን ለአገሬ ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛውን ደግሞ እናንተ ወሰዳችሁት?» ያችን አንዲት ቃል ለማቃናት እንደ ገና ወደ ሐኪሞች ቦርድ መቅረብ፣ ምስክር መቍጠርና አንድ ክረምት ሙሉ መመላለስ ግድ ሆነባቸው። እኛ በቅጽበት የጻፍነውን እሳቸው በእግራቸው ከፈሉ።

ስለዚህ የቁስል መዝገብ በቆሰለበት ቀን ይጻፍ፤ ቁስለኛው በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት፤ ስሙም ራሱ እንደሚጠራው ይመዝገብ፤ አንዱ ግልባጭም በእጁ ይሰጠው። መዝገብ በጐደለ ጊዜ ደግሞ የጓደኞቹ ቃል በወጉ ተሰምቶ ይመዘን። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በመጽሐፍ ያለ ስሕተትም እንደዚሁ ስለሚወረስ፣ ብዕር የጨበጥን ሁሉ የምንገለብጠው ወረቀት የሰው ገላ መሆኑን አንዘንጋ።