በግብር የተወለደ ቁጠባ፦ የትንንሾቹ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች የቤንዚን ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1958 «ዘ ሞተር» የተሰኘው የእንግሊዝ መጽሔት ኦስቲን-ሂሊ ስፕራይት የተባለችውን አዲስ ባለሁለት ወንበር መኪና ወስዶ ፈተናት። ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 133 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ 20 ሰከንድ ተኩል ፈጀባት። ለስፖርት መኪና ይህ ዘገምተኛ ነው፤ በዘመኑም ቢሆን ማንንም አላስደነገጠም። የቤንዚን ፍጆታዋ ግን በአንድ የእንግሊዝ ጋሎን 43 ማይል ነበር፤ በእኛ አነጋገር በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ሄደች ማለት ነው። ዛሬ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር የተገጠመላቸው ብዙ መኪኖች በከተማ ትራፊክ ውስጥ ይህን አያገኙም።

የድሮ መጽሔት ለሚያገላብጥ አንባቢ እግረ መንገዴን አንድ ማሳሰቢያ ላኑር። የእንግሊዙ ጋሎን 4.546 ሊትር ሲሆን የአሜሪካው 3.785 ብቻ ነው። ያቺው ስፕራይት ለንደን ላይ 43 ማይል፣ ኒው ዮርክ ላይ 36 ማይል ትባላለች። ስለ አሮጌ መኪኖች ፍጆታ የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጣመመው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚህ በኋላ በሊትርና በኪሎ ሜትር እቆጥራለሁ። ዓመቶቹም ካልተገለጸ በቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ያ ቁጠባ ከየት መጣ? በ1958 ስለ ዓለም ሙቀት ያሰበ መሐንዲስ ስፕራይትን አልሠራም። የነዳጅ ፍጆታን የሚገድብ ሕግም አልነበረም። መልሱን ለማግኘት ወደ 1921 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት በመኪና ላይ አዲስ ዓመታዊ ግብር ጣለ፤ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት 1 ፓውንድ። ጉልበቱ ግን በመሣሪያ የሚለካ አልነበረም፤ በቀመር ነበር የሚሰላው። የሲሊንደሩ ስፋት በኢንች ተለክቶ በራሱ ይባዛል፣ በሲሊንደሮቹ ቁጥር ይባዛል፣ ከዚያ ለ2.5 ይካፈላል። ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዝበት ርዝመት ከቁጥር አይገባም። መሐንዲሶቹ የዚህን ትርጉም ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ሲሊንደሩን አጠበቡ፣ ምቱን አስረዘሙ። እንዲህ ያለ ሞተር እንደ ልብ አይፈጥንም፤ በዝግታ ሲዞር ግን ደህና ይጎትታል፣ በትንሽ ቤንዚንም ረጅም መንገድ ይሄዳል።

በ1922 የወጣችው ኦስቲን ሰቨን የዚህ ግብር እውነተኛ ልጅ ናት። ሞተሯ ብዙም ሳይቆይ 747 ሲሲ ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ ባለ ጎን ተሽከርካሪ ሞተር ብስክሌት ይነዱ የነበሩ ቤተሰቦች በእርሷ የመኪና ባለቤት ሆኑ። እርሷን የመሰሉ ርካሽ መኪኖች በአገሩ ሲበዙ ወጣቶች ሰፊውን አካል አንሥተው ቀለል ያለ፣ ዝቅ ያለ አካል አለበሷቸው። ትንሿ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና የተገኘችው እንዲህ ነው፤ ከድሃ ቤተሰብ መኪና ላይ ሥጋዋን ቀንሶ በማስሮጥ። ኤምጂ የተባለው ድርጅት በ1929 ለገበያ ያቀረባት የመጀመሪያዋ ሚጄት ሞተሯ 847 ሲሲ ሲሆን የተወሰደው ከሞሪስ ማይነር ነበር። አካሏ በጨርቅ የተለበደ ስስ እንጨት፣ ዋጋዋም 175 ፓውንድ ነበር።

ግብሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአንድ ወጥ ዋጋ ተተካ፤ ልማዱ ግን በፋብሪካዎቹ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ሌላ ግፊት መጣ። በጁላይ 1956 የግብፁ ፕሬዝዳንት ጋማል አብደል ናስር የስዊዝን ቦይ የአገራቸው ሀብት አደረጉት፤ ጦርነት ተከተለ፤ ቦዩም ተዘጋ። እንግሊዝ ከዲሴምበር 1956 እስከ ሜይ 1957 ድረስ ቤንዚን በራሽን አደለች። የብሪቲሽ ሞተር ኮርፖሬሽን ኃላፊ ሊዮናርድ ሎርድ መሐንዲሱን አሌክ ኢሲጎኒስን ጠርተው እውነተኛ ትንሽ መኪና እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ በኦገስት 1959 ሚኒ ወጣች። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። በዚያው ሰሞን በዚያው ድርጅት ጥላ ሥር ዶናልድ ሂሊ ርካሽ ስፖርት መኪና ይሠሩ እንደነበር ግን እምብዛም አይነሣም። ስፕራይት ከሚኒ በአንድ ዓመት ትቀድማለች፤ የኖረችውም ቤንዚን በኩፖን ተሰልፎ የገዛ ሕዝብ ትዝታው ገና ትኩስ በነበረበት ገበያ ውስጥ ነው።

ስፕራይትን ቀረብ ብሎ ያያት ሰው ቁጠባዋ ከየት እንደመጣ በዓይኑ ያገኘዋል። በሯ የውጭ እጀታ የለውም፤ እጅን ወደ ውስጥ ሰዶ መክፈት ነው። የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ክዳን ስለሌለው ሻንጣ የሚገባው ከወንበሮቹ ጀርባ ነው። የፊት መብራቶቿ እንዲታጠፉ ታስበው ነበር፤ ዋጋው ሲከብድ ኮፈኑ ላይ ተተከሉና «የእንቁራሪት ዓይን» የሚለውን ቅጽል አተረፉላት። 948 ሲሲው ሞተሯና ካምቢዮዋ ከኦስቲን ኤ35፣ መሪዋ ከሞሪስ ማይነር የመጡ ናቸው። አካሏ ራሱ ሻንሲዋ ስለሆነ ለብቻው የተዘረጋ ከባድ ብረት አልተሸከመችም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ክብደቷ 660 ኪሎ ግራም ገደማ ሆነ። 43 የፈረስ ጉልበት ለዚህ ክብደት ይበቃል። ከመብራት የሚነሣ፣ ዳገት የሚወጣ፣ ከጠመዝማዛ ወጥቶ እንደገና የሚፈጥን መኪና በእያንዳንዱ እርምጃ ቤንዚን የሚከፍለው ለክብደቱ ነው። እኔን ይህች መኪና የምታስደስተኝም ለዚህ ነው። በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነጂዋን የሚያስፈነድቀው ቅልጥፍናና ነዳጅ ማደያ ላይ ኪሱን የሚያሳርፈው ቁጠባ ከአንድ ምንጭ፣ ከቀላልነቷ፣ የተቀዱ ናቸው። ደስታ ቤንዚን ይጨርሳል፣ ቁጠባ ደስታ ይነሣል የሚለው አስተሳሰብ በእርሷ ፊት አይቆምም።

ስለ ካርቡሬተሯ ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ኤስዩ የሚባለው ካርቡሬተር እንደሌሎቹ በልዩ ልዩ ቀዳዳዎች ቤንዚን አይረጭም። ሞተሩ አየር ሲስብ በውስጡ ያለች ፒስተን ትነሣለች፤ ከሥሯ ወደ ጫፏ እየቀጠነች የምትሄድ መርፌ ተያይዛባት አብራ ትነሣና ቤንዚኑ የሚወጣበትን ቀዳዳ አየሩ በበዛው ልክ ታሰፋለች። አየር ሲጨምር ቤንዚን ይጨምራል፣ አየር ሲቀንስ ይቀንሳል፤ ሁሉም በአንዲት ተንቀሳቃሽ መርፌ። ሊቅ የሠራው ቀላል ነገር ነው። ድክመቱ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። መርፌዋና ቀዳዳው ዘመናት ሙሉ ሲፋተጉ ቀዳዳው ክብነቱን ያጣል፤ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ መኪናዋም «ጠጪ» የሚል ስም ይወጣላታል። ስፕራይት ሁለት ካርቡሬተር ስላላት ሁለቱ እኩል መተንፈስ አለባቸው። የቆዩ መካኒኮች የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ከካርቡሬተሩ አፍ፣ ሌላውን ከጆሯቸው ላይ አድርገው የአየሩን ፉጨት እያዳመጡ ያስተካክሏቸዋል። አንዲት አሮጌ ስፖርት መኪና ቤንዚን ትጨርሳለች ብሎ ከመፍረድ በፊት ይህ ሥራ ተሠርቶላት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀላልነት ግን ሁሉን አይፈታም። በኖቬምበር 1959 ኤም1 የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የእንግሊዝ ፈጣን አውራ ጎዳና ተከፈተ፤ ያኔ የትንሿ መኪና ጉድለት ታየ። ካምቢዮዋ ባለ 4 ማርሽ ብቻ ነው። በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ሲነዷት ሞተሩ በደቂቃ 4,500 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ጩኸቱም ፍጆታውም አብረው ይወጣሉ። ከዚህ የሚብሰው ነፋሱ ነው። ነፋስን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ጣሪያ የሌላት መኪና ደግሞ አየሩን ወደ ውስጧ እየጠለፈች ታተራምሰዋለች። በገጠር መንገድ ቆጣቢ የነበረችው በአውራ ጎዳና ላይ ተራ ትሆናለች። ትራያምፍ በ1962 ባወጣት ስፒትፋየር ላይ በኋላ ኦቨርድራይቭ የተባለውን ተጨማሪ ማርሽ በአማራጭ ሲያቀርብ ሞተሩ ትንሽ ትንፋሽ አገኘ።

የነፋሱን ጉዳይ ከሁሉ በላይ የተረዳው ሎተስ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ነበር። በ1957 ለሕዝብ የታየችው ሎተስ ኤሊት መላ አካሏ ከፋይበር ግላስ የተሠራ፣ ጣሪያዋ የተዘጋ፣ ሞተሯ 1,216 ሲሲ ነው። ነፋሱ ምን ያህል እንደሚጎትታት የሚለካው ቁጥር 0.29 ብቻ ነበር፤ ይህን ቁጥር ብዙ የቤት መኪኖች የደረሱበት ከአሠርት ዓመታት በኋላ ነው። ለ ማን በተባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድርም ከፍጥነት ሽልማቱ ጎን ቤንዚንን በአግባቡ ለተጠቀመ መኪና የሚሰጥ ሽልማት ነበር፤ በ1961 ያሸነፈው የእንግሊዙ ሰንቢም አልፓይን ሲሆን ኤሊትም ይህን ሽልማት ሁለት ጊዜ ወስዳለች። ለቁጠባ ዋንጫ የሚሰጥ የመኪና ውድድር! ያ ልማድ ጠፍቶ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ከዚያ 1973 መጣ። የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ከጣሉ በኋላ የድፍድፉ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ3 ዶላር ወደ 12 ዶላር ገደማ ወጣ። እንግሊዝ የራሽን ደብተር አሳተመች፤ ሳትጠቀምበት ቀረች እንጂ። ምዕራብ ጀርመንና ሆላንድ እሑድ መኪና መንዳት ከለከሉ። የዚያ ማዕበል ጫፍ አዲስ አበባም ደርሷል። የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ሲጨምር የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ አብዮቱ ከጀመረባቸው ክስተቶች አንዱ ይህ ነው። ከእነዚያ ታክሲዎች ብዙዎቹ ሰይቼንቶ ነበሩ፤ የፊያት ትንሽና ቆጣቢ መኪና። ቆጣቢ መኪና የያዘ ሰው እንኳ እንጀራውን ያጣበት ጊዜ ነበር።

ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ትንሽ መኪና ሲፈልግ ትንንሾቹ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች ዘመናቸው እንደገና መምጣት ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ትልቁ ገበያቸው አሜሪካ ነበር፤ አሜሪካም የግጭትና የጭስ ሕጎች አውጥታ ነበር። ኤምጂቢ የምትባለው ታላቅ እህታቸው ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ ወፍራም ጥቁር የጎማ ፓራውልት ለበሰች፤ የመብራቶቿ ከፍታ ከሕጉ ጋር እንዲስማማ ከመሬት ከፍ ተደረገች። ለአሜሪካ የምትሄደው ሁለት ካርቡሬተሮቿ በአንድ ተተኩ፤ መጀመሪያ 95 ገደማ የነበረው የፈረስ ጉልበቷ ወደ 62 ወረደ። ክብደት ጨመረ፣ ጉልበት ቀነሰ፤ ነጂውም መርገጫውን ይበልጥ መርገጥ ግድ ሆነበት። ሕጎቹ ትክክለኛ ዓላማ ነበራቸው፤ በእነዚያ ከተሞች የሚተነፈሰው አየር መጽዳት ነበረበት። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥፋት ግን አሮጌውን ሞተር በአዲስ ዕቃ እያነቁ መሸጣቸው ነው፤ አዲስ ሞተር ለመሥራት ገንዘቡም ቁርጠኝነቱም አልነበራቸውም። የሚጄትን ስም የያዘችው የኋለኛዋ መኪና በ1979 መመረቷ ቆመ። ኤምጂ የሚሠራበት የአቢንግደን ፋብሪካ በ1980 ተዘጋ።

ሐሳቡን ያነሣው ጃፓን ነው። ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን በፌብሩዋሪ 1989 ቺካጎ ላይ ሲያሳይ የእንግሊዞቹን መልክና መንፈስ እንደተከተለ አልደበቀም። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ቤንዚን ያለ ካርቡሬተር በኢንጀክሽን የሚረጭ፣ 115 የፈረስ ጉልበት፤ ከስፕራይት ሁለት ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ፍጆታዋ ግን በአሜሪካ መለኪያ በሊትር ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የመጽሔት ፈተናና የመንግሥት መለኪያ ስለሚለያዩ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቢሆንም የሠላሳ ዓመት ዕውቀት የት እንደሄደ ግልጽ ነው። ወደ ጉልበት፣ ወደ ደኅንነትና ወደ ንጹሕ ጭስ ሄዷል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በጣም የሚገቡ ናቸው። ስፕራይት የደኅንነት ቀበቶ እንኳ ሳይኖራት የተሸጠች መኪና ናት፤ በአንድ ሊትር ሩቅ ብትሄድም ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣው መርዝ ዛሬ ጭስ ማጣሪያ የተገጠመለት መኪና ከሚያወጣው እጅግ ይበዛል። ቆጣቢ መሆንና ንጹሕ መሆን አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ወደ 1958 እንመለስ አልልም። መኪና የምትገዙ ሰዎች ግን አንድ ነገር እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። ሻጩ ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ ፈረስ ጉልበቱ ሲነግራችሁ መጀመሪያ ክብደቷን ጠይቁት። ዛሬ ብዙ የቤት መኪኖች የሁለት ስፕራይትና ከዚያም በላይ ክብደት ተሸክመው አንድ ሰው ያመላልሳሉ። ኮምፒውተሩም፣ ባለ ብዙ ማርሽ ካምቢዮውም፣ ባትሪውም ከሥራቸው ከፊሉ ያንን ክብደት ማካካስ ነው። አሮጌዋን ስፕራይት የያዛችሁ ደግሞ የካርቡሬተሯን መርፌ አስመርምሩ፣ ጎማዋን በልኩ ንፉ፣ የማትፈልጉትን ዕቃ ከውስጧ አውርዱ። በሊትር 15 ኪሎ ሜትር እንድትሄድ ነው የተሠራችው።