ቤት ወይስ አክሲዮን? ከ1967 ዓ.ም. የምንማረው

በወርኃዊ ስብሰባችን ቡናው ሲፈላ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ዕቁቡ ሲወጣልኝ ግቢዬ ውስጥ የሚከራይ ክፍል ላሠራ ወይስ አክሲዮን ልግዛ?» ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። እኛ የሽሮ ሜዳ ሴቶች ጥጥ ፈትለን፣ ቀሚስና ነጠላ ሸጠን ነው የምንኖረው። ዓይን ሲደክምና ወገብ ሲይዝ የጡረታ ዕድሜ ሳይደርስ ሥራ እናቆማለን፤ የጡረታ ደብተር ያለን ደግሞ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በዚህ ዕትም ወደ ኋላ ዞር ብለን እንይ።

ለእናቶቻችን መልሱ ቤት ነበር። ከጋሞ ደጋ መጥተው በእንጦጦ ግርጌ የሰፈሩት ሸማኔዎች መኝታም የሸማ መሥሪያም የሚሆን ክፍል ይፈልጉ ስለነበር፣ ትርፍ ክፍል ያላት ሴት የወር ገቢ አታጣም ነበር። አክሲዮንም በከተማው አዲስ ነገር አልነበረም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ አክሲዮን ማኅበር ደንግጓል፤ በ1950ዎቹ መጨረሻም በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት አክሲዮን የሚገበያይ ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ያ ግን በአብዛኛው የባለሀብትና የተማረ ሰው ጉዳይ ነበር።

ከዚያ 1967 መጣ። በታኅሣሥ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች፣ በጥር ደግሞ ትልልቅ ፋብሪካዎች የመንግሥት ሆኑ፤ የአክሲዮን ገበያውም አከተመ። ሐምሌ 19 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ሆነ። ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። ለተከራዩ እፎይታ ነበር፤ በኪራይ ለምታረጅ እናት ግን የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ ቀን ሄደ። በሰባት ወር ውስጥ ቤቱም አክሲዮኑም ተነካ። የቀረው የሚኖሩበት ቤት፣ የእጅ ሙያ፣ ዕቁብና ዕድር ነው።

አክሲዮን የተመለሰው የባንክ ሥራ አዋጅ በ1986 ከወጣ በኋላ ነው። አዋሽ ባንክ በ1987 ተቋቋመ፤ በ2005 ደግሞ ሴቶች የመሠረቱት እናት ባንክ ሥራ ጀመረ። በ2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ከ33 አክሲዮን ጀምሮ ለሕዝብ ሸጠ። ይህ 9,900 ብር ማለት ነው፤ አንድ ክፍል የማያሠራ ገንዘብ ባለድርሻ ያደርጋል።

እኛም ሁለቱንም ቀምሰናል። ከመካከላችን አንዳንዶች «በምሥረታ ላይ ነው» ከተባለ ኩባንያ ገዝተን፣ ኩባንያው ሳይቆም ቀርቶ ገንዘባችንን ለዓመታት ስንጠብቅ ኖረናል። ሌላዋ አባላችን ያላትን ሁሉ ሁለት ክፍል ላይ አውላ፣ በአንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ተከራዩ ሲወጣባት ለማሳደሻ የሚሆን ሳንቲም አልነበራትም።

ቤት በየወሩ ይከፍላል፤ ግን ዕድሳት ይበላል፣ ሲቸግር አንዱን ግድግዳ ብቻ ነጥሎ መሸጥ አይቻልም። በ2016 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 መሠረትም ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው፤ ኪራይም የሚጨመረው በዓመት አንዴ፣ በተወሰነው ልክ ነው። አክሲዮን ዕድሳት አይጠይቅም፣ ተከፋፍሎም ይሸጣል፤ ግን ትርፉ የሚታወቀው በዓመት አንዴ ነው፣ ባልተገኘበት ዓመትም አይከፈልም፤ ገዢም በተፈለገ ቀን ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ የምንመክረው ይህን ነው። መጀመሪያ የስድስት ወር ወጪ በቁጠባ ይቀመጥ። ቀጥሎ የምንኖርበት ቤት ሰነዱ ይስተካከል። የሚከራይ ክፍል ያላት የሚቀጥለውን ዕቁብ አክሲዮን ላይ ታውል፤ አክሲዮን ብቻ ያላት ደግሞ በየወሩ ገቢ የሚያስገኝላትን ታስብ። ከመግዛታችን በፊት ኩባንያው ፈቃድ እንዳለውና ያለፉትን ዓመታት ሒሳብ እንጠይቅ።

በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን በአንድ ወረቀት ሦስት ነገር ጽፈን እንምጣ፦ በቤት ያለንን፣ በአክሲዮን ያለንን፣ በእጃችን ያለንን። መጻፍ የምትቸገር እናት ካለች አጠገቧ ያለችው ትጻፍላት።