በራስ ወጪ ማሳተም (ተከታታይ ምናባዊ ልቦለድ)

ደራሲው ለማተሚያ ቤት ከኪሱ ከፍሎ መጽሐፉን የሚያወጣበት አሠራር። በደርግ ዘመን ኩራዝን የመሰለ መንግሥታዊ አሳታሚ ነበር፤ የኅትመት ቅድመ ምርመራ (ሳንሱር) በ1985 ዓ.ም. በፕሬስ አዋጅ ከቀረ ወዲህ በራስ ወጪ ማሳተም ተስፋፋ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ከተከታዮቹ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ጋር፣ በምናብ የተሸመነ ተከታታይ ልቦለድ በአማርኛ ብዙ አንባቢ እንደሚያገኝ አሳይቷል።

ፈተናው ገንዘብ ነው። ወረቀት ከውጭ ስለሚገባ የምንዛሪ ለውጥ የኅትመቱን ዋጋ ያንረዋል፤ አከፋፋይም ከሽፋኑ ዋጋ ድርሻውን ይወስዳል። ተከታታይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፦ አንደኛው ክፍል ከገበያ ከጠፋ ሁለተኛውን የሚገዛ አዲስ አንባቢ ስለማይገኝ፣ ደራሲው አሮጌውንም አዲሱንም አብሮ ለማሳተም ይገደዳል። እንደ ታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ከአዲስ አበባ ለራቀ ከተማ፣ ያለፈቃድ የተቀዳ ፒዲኤፍ በቴሌግራም ከታተመው ቅጂ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፤ ለደራሲው አንዲት ሳንቲም ሳያስገኝ።