ከብረት ፈር የፈለቀ ብርሃን

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም.፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩትና ከአንድ ዓመት በፊት የኖቤልን ሽልማት ከፊሊክስ ብሎክ ጋር የተካፈሉት ኤድዋርድ ፐርሰል፣ ስሚዝ ከተባሉ ሳይንቲስት ጋር ሆነው፣ በ300,000 ቮልት ያህል ኃይል የተገፋ ቀጭን የኤሌክትሮን ጨረር፣ ጥቃቅን ፈር በተተለመበት የብረት ገበታ ላይ፣ ገጹን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ፈሩን እያቋረጠ እንዲያልፍ ቢያደርጉ፣ ከገበታው የሚፈልቅ ባለ ቀለም ብርሃን በዓይናቸው ለማየት በቁ፤ ቮልቱ ከፍ ባለ ቁጥርም ቀለሙ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ያዘነብል ነበር።

ገበታው ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሄንሪ ሮውላንድ በባልቲሞር በ1880ዎቹ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ ከ14,000 የሚበልጥ ፈር የሚተልም መኪና ሠርተው፣ የፀሐይን ብርሃን በየኅብሩ ለሚመረምሩ ሊቃውንት ገበታውን አዳርሰውት ነበርና። አዲስ የሆነው የፐርሰል አሳብ ነው። ኤሌክትሮን በብረት ፊት ሲያልፍ፣ በብረቱ ገጽ ላይ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል እየተሳበ ይከተለዋል፤ ገጹ ወጣ ገባ ሲሆን ያ ተከታይ በየፈሩ ከፍ ዝቅ ማለቱ ግድ ነው፤ የሚወዛወዝ ሙል ደግሞ ጨረር ሳያፈልቅ አይቀርም። የፈሮቹ ርቀት 1.67 ማይክሮን ሆኖ ሳለ ብርሃኑ ለዓይን የታየው፣ ኤሌክትሮኑ ከብርሃን ፍጥነት ሦስት አራተኛ በላይ እየሮጠ የገዛ ብርሃኑን ስለሚያሳድድ፣ ሞገዱም በፊቱ በኩል ስለሚያጥር ነው። ሩሲያዊው ኢልያ ፍራንክ ግን በ1942 ነገሩን በስሌት አስቀድመው ጽፈውት ስለ ነበር፣ ክስተቱ በሁለቱ አሜሪካውያን ስም ብቻ መጠራቱ ፍትሕ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ያ ብርሃን ስምረት አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በገዛ ጊዜው ያበራ ስለ ነበር፣ መዘምራኑ ሁሉ ጸናጽላቸውን በየፈቀዱት ጊዜ የሚጥሉበትን ማኅሌት ይመስል ነበር። ኤሌክትሮኖቹ ከሞገዱ ርዝመት ባነሰ ጥቅል ተሰብስበው ቢያልፉ ግን፣ ኃይሉ እንደ ቁጥራቸው ካሬ ያድጋልና፣ የአንድ ሺህ ኤሌክትሮን ጥቅል እንደ አንድ ሚሊዮን ያበራል። በ1960ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ሩሲንና ቦጎሞሎቭ ሞገዱ ተመልሶ ኤሌክትሮኖቹን እንዲሰበስብ ከገበታው ትይዩ ጎድጓዳ መስተዋት አቁመው፣ በሚሊሜትር የሚለካ ስሙር ሞገድ አወጡ፤ መሣሪያውንም ኦሮትሮን አሉት። በ1998 የዳርትመዝ ኮሌጅ ሊቃውንት፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጨረር ያለ መስተዋት ስሙር ሞገድ እንዳገኙ አስታወቁ፤ ነገሩ ግን ከክርክር አልዳነም።

ኤሌክትሮኖቹ ያለ መስተዋት የሚጠቃለሉበትን ምሥጢር በስሌት የገለጡት በ2004 አንድሪውስና ብራው ናቸው፤ በእነርሱ ስሌት መሠረት ኤሌክትሮኖቹን የሚሰበስባቸው ፐርሰል ያዩት ዓይነት ብርሃን ሳይሆን፣ ከገበታው ገጽ ሳይርቅ የሚሄድ፣ ርዝመቱም ከዚያ የሚበልጥ ሞገድ ነው፤ እርሱም የሚወጣው በገበታው ጫፎች በኩል ብቻ ነው።