እንደራሴነትና ኑዛዜ፦ በሁለቱ መካከል የቀረው ክፍተት

«እንደራሴ» የሚለው ቃል ሲተነተን «እንደ እኔ ራሴ» ማለት ነው። ሰው በሌለበት ቦታ ወይም በማይችልበት ጊዜ ቃሉን የሚናገርለትና ሥራውን የሚፈጽምለት ሰው የሚጠራበት ስም ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ውክልናን ከዘመናዊ ሕግ ብቻ የተማረው አይደለም፤ በቤተ መንግሥት እንደራሴ፣ በችሎት ነገረ ፈጅ፣ በሞት አፋፍም የነፍስ አባት ባለበት የሚነገር ኑዛዜ ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። ሆኖም ውክልና የጤነኛ፣ ኑዛዜም የሟች ቃል ነው። ሰው በሕይወት እያለ አእምሮው ቢሰወር ወይም አንደበቱ ቢዘጋ ማን ይተካዋል? ይህ ጥያቄ ከሁለቱ መካከል ሳይመለስ የቀረ ነው።

የእንደራሴነት ታሪክ ከደቡብ ጎንደር ደጋ ጋር በእጅጉ የተሳሰረ ነው። በዘመነ መሳፍንት ነገሥታቱ በጎንደር በስም ብቻ ሲቀመጡ፣ የየጁ ራሶች በደብረ ታቦር ሆነው በእነርሱ ስም አገር ይገዙ ነበር። የመጨረሻው ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ በዐፄ ቴዎድሮስ፣ እስኪሸነፉ ድረስ ይኸው ሥርዐት ቆየ። ወካዩ ሊሽረው የማይችለው ተወካይ ተወካይነቱ ይቀርና ጌታ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ለሕመም ዘመን አስቀድሞ በመወሰን ረገድ ደግሞ ታላቁ ምሳሌ የዐፄ ምኒልክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ተደጋጋሚ ሕመም እየጸናባቸው በሄደ ጊዜ፣ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሽ፣ ራስ ተሰማ ናደውን ደግሞ እንደራሴ አድርገው ወሰኑ። ውሳኔው በ1902 ዓ.ም. መግቢያ በዐዋጅ ሲነገር እርሳቸው በጽኑ ሕመም ተይዘው ነበር። በዚያው ዓመት ሥልጣኑን በእጃቸው ያስገቡት እቴጌ ጣይቱ በመኳንንቱ ተቃውሞ ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁ ተደረገ። በ1903 ዓ.ም. ራስ ተሰማ ሲሞቱ ሌላ እንደራሴ አልተተካም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በላይ ወካዩ መናገር ሳይችል፣ ተወካዩም ሳይኖር አለፈ። አስቀድሞ የተወሰነው መልካም ነበር፤ የጎደለው የተወካዩ ምትክ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዳዩን በሥርዐት አስቀመጠው። ወካዩ የሰጠውን ሥልጣን በፈቀደ ጊዜ ሊሽር ይችላል፤ በዚህም የዘመነ መሳፍንቱ ዐይነት ችግር ተዘጋ። በቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ያስፈጽማል፤ ይኸውም ንብረትን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ሰብልን መሸጥ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ በፍርድ ቤትም ለመከራከር፣ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ቁጥር 2232 ነው፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ይቀራል።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሐሙሲት የሚኖር አንድ ሽማግሌ ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር ከመሄዱ በፊት ለልጁ ጠቅላላ ውክልና ቢሰጥ፣ ልጁ እህሉን አውጥቶ ይሸጣል፣ ቤቱን ያከራያል። ነገር ግን የአባት አእምሮ ታውኮ ችሎታ ማጣቱ በታወቀ ጊዜ፣ ወረቀቱ ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት ዋጋ ያጣል። ልጁ የሚቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ቀርቦ አባቱ በፍርድ እንዲከለከልና አሳዳሪ እንዲሾምለት መጠየቅ ነው፤ ይህም ጊዜ፣ ገንዘብና የቤተሰብ ክርክር ያስከትላል። በውክልናው ላይ «ችሎታዬን ባጣም ይጸናል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትጻፍ ግን ሕጉ ራሱ በር ከፍቶላታል።

ስለ ሕክምናም ቢሆን የሕጉ ቁጥር 20 ማንም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እንቢ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ዳሩ ግን በሽተኛው አስቀድሞ ስለሚጽፈው መመሪያ አንቀጹ በስም አያነሣም። በሌላው ዓለምም ቢሆን ጉዳዩ የቅርብ ጊዜ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት የበሽተኛን የጽሑፍ መመሪያ በሕግ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ እንግሊዝም ከአእምሮ መታወክ በኋላ የሚጸና ውክልናን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው።

የኢትዮጵያ ሽማግሌ ስለ ሞቱ መናገርን አይፈራም፤ ስለ ቀብሩ ያዝዛል፣ ስለ ተዝካሩ ይናዘዛል። የሚያስቸግረው ስለ ድካሙ ዘመን መናገር ነው፤ ይህን መናገር ልጆቹን እንደ መጠራጠር ይቈጠርበታልና። ነገር ግን የሚታመነውን ሰው በጊዜው በስም መጥራት፣ ምትኩን መጨመር፣ ሥልጣኑን ለይቶ መጻፍና ስለ ሕክምናው ያለውን ፈቃድ በምስክር ፊት መግለጽ ለልጆቹ ጸብን የሚያስቀር ውርስ ነው። የሕግ ባለሙያም ውክልና በሚጽፍበት ጊዜ «አእምሮዎ ቢደክምስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ ይህ ጥያቄ ካልተነሣ ወረቀቱ ግማሽ ሥራ ነው።